ከመቁረጥ በፊት መቁጠር

የአንድ ግድግዳ ሰዓት ጀርባ ተከፍቶ ውስጡን አይታችሁ ታውቃላችሁን? ከፊት ለፊት የሚታዩት ሁለት ጠቋሚዎች ብቻ ናቸው፤ ከበስተጀርባ ግን ዙሪያቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ክብ ብረቶች እርስ በርሳቸው ተነካክሰው ይዞራሉ። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ጎረቤቱ ወደ ግራ ይዞራል። መካኒኮች እነዚህን ክብ ብረቶች ጊር ይሏቸዋል። እኛ በዚህ ምንባብ ውስጥ ባለ ጥርስ መዘውር፣ ባጭሩም መዘውር እያልን እንጠራቸዋለን።

እንዲህ ያለውን መዘውር ለመሥራት ትልቅ ፋብሪካ የግድ ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የናስ ዝርግ፣ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ ኮምፓስና ትዕግሥት ያለው ሰው በቤቱ ለሚሠራው ሰዓት መዘውር ሊያወጣ ይችላል። የሚያስቸግረው ብረቱን መቁረጡ ሳይሆን ከመቁረጡ በፊት ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ እጅግ የሠለጠነ እጅ እንኳ ሥራውን አያድነውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሥራውን ከቁጥሩ ጀምሮ እስከ መገጣጠሙ ድረስ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

አስቀድመን ሙያው ስለሚገኝበት ሠፈርና ስለ መሣሪያዎቹ ስም ጥቂት እንበል። በአዲስ አበባ መካከል የሚገኘው የቂርቆስ አካባቢ ከብረት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በዚሁ አካባቢ፣ ዛሬ ለገሃር በምንለው ቦታ ነው። ባቡርና መኪና ባለበት የሚሰበር ብረት አለ፤ የሚሰበር ብረት ባለበትም ጠጋኝ አለ። ስለሆነም ጋራዥ፣ የብየዳ ቤት፣ የቶርኖ ቤት፣ በትንሽ የመስተዋት ሣጥን አጠገብ ተቀምጦ ሰዓት የሚያድስ ባለሙያ ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደሉም። ከለገሃር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚገኘው ካዛንቺስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው፣ ኢንቺስ ከተባለው የጣሊያን ድርጅት ነው። በጣሊያንኛ «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ።

ከመሣሪያዎቹም ስሞች ብዙዎቹ ከዚሁ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ቶርኖ፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ፣ የሚበሳው ትራፓኖ፣ የብረት መጋዙ ሴጌቶ፣ ተጠቅልሎ ኃይል የሚያከማቸው ሞላ ይባላል፤ አምስቱም ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ቃላት ናቸው። ሞረድ፣ መዶሻና ጉጠት ግን ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት በቀጥቃጭ ቤት የነበሩ ናቸው። አንድ ሠራተኛ ረዳቱን «ሞርሳው ላይ እሰርና በሞረድ አስተካክለው» ሲለው፣ ሳያስበው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ታሪክ ይናገራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ደቂቃ ጠቋሚው በአንድ ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሰዓት ጠቋሚው ደግሞ አንድ ዙር ለመጨረስ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያሉት መዘውሮች ፍጥነቱን 12 ጊዜ መቀነስ አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከአውሮፓውያን የተለየ ስለሆነ የተለየ መዘውር ያስፈልገው ይሆን? የሚል ነው። አያስፈልገውም። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ሰዓት እንቆጥራለን። እነሱም ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምረው እንደዚሁ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ይቆጥራሉ። መነሻው በ6 ሰዓት ይለያያል እንጂ አከፋፈሉ አንድ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው፣ ከካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ የጧት ስብሰባ በ9 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ቢጻፍ፣ በጎረቤቱ ያለው የካዛንቺስ ሰው 3 ሰዓት ነው ይላል፤ የሁለቱም ሰዓት መዘውሮች ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

የመዘውር ሕግ ቀላል ነው። 12 ጥርስ ያለው ታናሽ መዘውር 48 ጥርስ ካለው ታላቅ መዘውር ጋር ቢነካከስ፣ ታናሹ 4 ጊዜ ሲዞር ታላቁ 1 ጊዜ ይዞራል፤ 48 ለ12 ሲካፈል 4 ነውና። ፍጥነቱን በአንድ ጥንድ ብቻ 12 ጊዜ ለመቀነስ ቢፈለግ፣ ከታናሹ 12 ጥርስ ጋር የሚሄደው ታላቅ መዘውር 144 ጥርስ ያስፈልገዋል፤ ይህም ለሥራ የማይመች ሰፊ ነገር ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሥራው ለሁለት ጥንድ ይከፈላል። የመጀመሪያው ጥንድ 3 ጊዜ፣ ሁለተኛው 4 ጊዜ ይቀንሳል፤ 3 በ4 ሲባዛ 12 ይሆናል።

ችኩል ሠራተኛ እዚህ ላይ «እንግዲያውስ አንዱን ጥንድ በ10 እና በ30፣ ሌላውን በ10 እና በ40 እሠራለሁ» ይላል። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ መዘውሮቹ ግን አይገጥሙም። ምክንያቱን ለመረዳት የሚቀመጡበትን ቦታ ልብ በሉ። ሁለቱ ጠቋሚዎች ከአንድ ማዕከል ስለሚነሡ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መዘውር በዚያው ማዕከል ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ለየብቻቸው ይዞራሉ። በመካከል ያሉት ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ከጎን በቆመ በሌላ ዘንግ ላይ አብረው ይዞራሉ። እንግዲህ ሁለቱም ጥንዶች የሚነካከሱት በእነዚህ ሁለት ዘንጎች መካከል ባለው በአንድ ርቀት ውስጥ ነው። የጥርሶቹ መጠን አንድ ከሆነ ይህን ርቀት የሚወስነው የጥርሶቹ ድምር ነው። የ10 እና የ30 ድምር 40፣ የ10 እና የ40 ድምር ግን 50 ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ ለአንዱ ጥንድ ቢመች ለሌላው አይመችም።

መፍትሔው ማካፈሉም መደመሩም የሚስማሙበትን ቁጥር መፈለግ ነው። 15 እና 45፣ 12 እና 48 እንውሰድ። 45 ለ15 ሲካፈል 3፣ 48 ለ12 ሲካፈል 4 ነው። 15 ከ45 ጋር ሲደመር 60፣ 12 ከ48 ጋር ሲደመርም 60 ነው። ይህን በወረቀት ላይ ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ በናስ ላይ ለማግኘት የሚሞክር ግን ብዙ ቀን ያባክናል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ መጠኑ ይወሰናል። ለእያንዳንዱ ጥርስ ከዲያሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር እንስጥ። እንግዲህ መዘውሮቹ የሚነካከሱባቸው ክቦች ዲያሜትራቸው 15፣ 45፣ 12 እና 48 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የዘንጎቹም ርቀት የ60 እኩሌታ፣ ማለትም 30 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከዚህ ክብ በላይ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚወጣ፣ ክቡ ብረት ሲቆረጥ በሁለት በኩል ታስቦ 2 ሚሊ ሜትር ይጨመርበታል፤ 17፣ 47፣ 14 እና 50 ይሆናል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጥልቀት 2.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ2 በላይ ያለችው ሩብ ሚሊ ሜትር የአንዱ ጥርስ ጫፍ የሌላውን ሥር እንዳይነካ የምትተው ናት።

ታላላቆቹን መዘውሮች ከናስ፣ ታናናሾቹን ከብረት መሥራት የቆየ ልማድ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን ለሞረድ ይታዘዛል፤ እንደ ብረትም አይዝግም። ታናሹ መዘውር ግን ይበልጥ ይደክማል፤ ባለ 48ቱ አንድ ጊዜ ሲዞር የባለ 12ቱ እያንዳንዱ ጥርስ 4 ጊዜ ይነካከሳልና። ስለዚህ ጠንከር ያለ ብረት ይመረጥለታል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የናስ ዝርግ ይበቃል። አዲሱ ውድ ቢሆን፣ ያገለገለ ብረት ተሰብስቦ ሌላ ሥራ በሚያገኝበት በመርካቶው ምናለሽ ተራ ዓይነት ቦታ መፈለግ ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የሚከብደው ሥራ፣ ክቡን እኩል መክፈል ነው። ክብን በኮምፓስ ለ6 እኩል መክፈል ከሒሳብ ትምህርታችሁ ታውቃላችሁ፤ ስድስቱን እያገመሱ 12፣ 24፣ 48 ማድረስም ይቻላል። 45 ግን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ በትክክል አይገኝም። ለዚህ የሚረዳ አንድ ብልሃት አለ። ርዝመቱ 144 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ጥብጣብ ቁረጡና በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉበት፤ 48 ክፍል ይሆናል። ሌላውን ተመሳሳይ ጥብጣብ በየ3.2 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ብታደርጉበት 45 ክፍል ታገኛላችሁ። ከዚያም ዲያሜትሩ 45.8 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክብ ጣውላ አዘጋጅታችሁ ጥብጣቡን ጫፍና ጫፉ እስኪጋጠም ድረስ ዙሪያውን ለጥፉበት። ናሱና ጣውላው በአንድ ዘንግ ላይ ታስረው አብረው ይዙሩ፤ በጣውላው ጠርዝ አጠገብ አንድ የማይነቃነቅ ሚስማር ይተከል። ምልክቶቹ አንድ በአንድ ከሚስማሩ ፊት ሲደርሱ፣ በናሱ ላይ በሾለ ብረት መስመር ይጫራል። ባለ 15ቱን መዘውር ለመክፈል በ45ቱ ጥብጣብ ላይ በየሦስተኛው ምልክት፣ ባለ 12ቱን ለመክፈል በ48ቱ ጥብጣብ ላይ በየአራተኛው ምልክት መቆም ነው። ስለዚህ ሁለት ጥብጣቦች ለአራቱም መዘውሮች ያገለግላሉ።

ትልቅ ጣውላ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እጅ በጣውላው ጠርዝ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ስሕተቱ ዲያሜትሩ ከ9 ጊዜ በላይ ያነሰው ናስ ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሰፊው የተለካ ነገር በጠባቡ ላይ ሲውል ጉድለቱ ይቀንሳል፤ በጠባቡ የተለካ ግን በሰፊው ላይ ሲውል ጉድለቱ ይገዝፋል።

አሁን መቁረጥ ይቻላል። በመጀመሪያ የክፍተቱን ሥር የሚያመለክት ክብ በኮምፓስ ይጫራል። ቀጥሎ ናሱ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መካከል ሆኖ በሞርሳ ይታሰራል፤ እንጨቱ የሞርሳው ጥርስ ናሱን እንዳያቆስለው ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ክፍተት መካከል ሴጌቶ እስከ ሥሩ ክብ ሳይደርስ ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ የክፍተቱ ሁለት ጎኖች በቀጭን ሞረድ እስከ ተጫረው መስመር ድረስ ይስተካከላሉ። ከአንዱ ጥርስ መካከል እስከ ሌላው መካከል 3.14 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እኩሌታው ለጥርሱ፣ እኩሌታው ለክፍተቱ ይደርሳል። በመጨረሻም የጥርሶቹ ትከሻ ወደ ጫፉ በጥቂቱ ይሞለሞላል። የአራቱ መዘውሮች ጥርሶች ሲደመሩ 120 ናቸው፤ ሁለት ሁለት ጎን ስላላቸው ሞረዱ የሚያስተካክለው 240 ጎን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። የተረፈ ናስ ኋላ ሊሞረድ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተነሣ ናስ ግን ተመልሶ አይለጠፍም።

መዘውሮቹ በየዘንጋቸው ሲቀመጡ በጣት እየተዞሩ ይፈተናሉ። የሚጣበቅ ቦታ ካለ፣ ጥርሱ በከሰል ተቀብቶ ሲዞር የሚፋቅበት ቦታ ጥፋተኛውን ያሳያል። በጥርሶቹ መካከል ጥቂት ልልነት መኖር አለበት፤ ፈጽሞ የተጣበቀ መዘውር ትንሽ አቧራ ሲገባበት ይቆማል።

የቁጥር ስሕተት ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሰው ጥርሶቹን በጥቂቱ አጥብቦ በ48 ፈንታ 49 አወጣ እንበል። መዘውሩ ለዓይን ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን ሰዓት ጠቋሚው አንድ ዙር ለመጨረስ 12 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጅበታል። በአንድ ቀንና ሌሊት ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ በ12 ቀን ወደ 6 ሰዓት ይጠጋል። ያን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር የተሞላው ሰዓት የአውሮፓን ሰዓት ማሳየት ይጀምራል! ደቂቃ ጠቋሚው ግን በትክክል እየሄደ ስለሆነ ባለቤቱ ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ ይቸግረዋል። በአንዲት ጥርስ የተነሣ ሰዓቱ በሙሉ ሐሰተኛ ይሆናል።

እስካሁን የገለጽነው ሁለቱን ጠቋሚዎች የሚያዛምዱትን መዘውሮች ነው። ጊዜውን የሚመጥነው ግን ፔንዱለም ነው። የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ክርስቲያን ሃይኸንስ በ1656 እ.ኤ.አ. ፔንዱለምን ለሰዓት ካዋለው ወዲህ የሰዓት ትክክለኛነት እጅግ ተሻሻለ። ፔንዱለሙ ወዲያ 1 ሴኮንድ፣ ወዲህ 1 ሴኮንድ ሲወዛወዝ፣ ባለ 30 ጥርስ መዘውር በየምልልሱ አንድ ጥርስ ብቻ ያልፋል፤ በ60 ሴኮንድም አንድ ዙር ይጨርሳል። ከእርሱ እስከ ደቂቃ ጠቋሚው ድረስ ፍጥነቱ 60 ጊዜ መቀነስ ስላለበት 8 እና 64፣ 8 እና 60 ጥርስ ያላቸው ሁለት ጥንዶች ይበቃሉ። እነዚህ ጥንዶች በየራሳቸው ርቀት ሊቀመጡ ስለሚችሉ ድምራቸው እኩል እንዲሆን አያስፈልግም።

የፔንዱለሙ ርዝመት በሁሉም አገር አንድ አይደለም። ዣን ሪሼ የተባለው ፈረንሳዊ በ1672 እ.ኤ.አ. ከምድር ወገብ አጠገብ ወዳለችው ወደ ካየን በሄደ ጊዜ፣ በፓሪስ ሴኮንድ በትክክል የሚቆጥረው ፔንዱለም እዚያ እንደሚዘገይ አስተዋለ። ምክንያቱ የምድር የስበት ኃይል በምድር ወገብ አካባቢ በጥቂቱ ስለሚያንስ ነው። አዲስ አበባም ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ደግሞም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በለንደን 99.4 ሴንቲ ሜትር የሆነው የሴኮንድ ፔንዱለም በአዲስ አበባ 99 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከለንደን የመጣ ሰዓት ፔንዱለሙ ሳያጥር በካዛንቺስ ቢሰቀል በየቀኑ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ይዘገያል። ይህን ጉድለት መዘውር አያርመውም፤ መዘውር ፔንዱለሙ የሰጠውን ይቆጥራል እንጂ አይፈርድም።

ጥርስን በእጅ እየቆጠሩ መቁረጥ እጅግ ጥንታዊ ጥበብ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. በግሪክ አገር ከአንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ ከሰመጠ መርከብ ውስጥ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የነሐስ መሣሪያ ወጣ። በውስጡ 30 ባለ ጥርስ መዘውሮች ተገኙ፤ ጥርሶቻቸውም በእጅ የተሠሩ ናቸው። መዘውሮቹ ከሚቆጥሯቸው ነገሮች አንዱ 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት የሚሆንበት ዑደት ነው። ይህ የ19 ዓመት ዑደት በአገራችን ባሕረ ሐሳብ ንኡስ ቀመር ተብሎ የሚታወቀው ነው። የእኛ ሊቃውንት ቁጥሩን በቃልና በብራና ያዙት፤ የአንቲኪቴራው ባለሙያ በነሐስ ቀረጸው። ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ይህም ባለ ጥርስ መዘውር ከቁጥር የተሠራ ብረት መሆኑን ያስረዳል።

በአገራችን ቁጥርን የያዙት ሊቃውንት ሲከበሩ፣ ብረትን የያዙት ቀጥቃጮች ግን ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ንቀቱ ሥራን የሚገድል መሆኑን በመረዳት ነው። ዛሬም ሌላ ፈተና አለ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙው የካዛንቺስ ነባር ሠፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ ቦታ ሄዷል። ሞርሳና ትራፓኖ በመኪና ተጭነው ሊዛወሩ ይችላሉ። በሠራተኛው እጅና ልብ ውስጥ ያለው ሙያ ግን ካልተነገረና ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል። ሙያን በቃላት በትክክል ማስረዳት የምትማሩትም ስለዚህ ነው። የመዘውር ሠሪውን ሥራ የሚገልጽ ሰው እንደ መዘውር ሠሪው ሁሉ አንዱን ደረጃ ሳያዘልል፣ አንዱን ቁጥር ሳያዛባ መሄድ ይገባዋል፤ አንድ ጥርስ የጎደለው መግለጫም አንድ ጥርስ እንደ ጎደለው መዘውር ነውና።

መልመጃ

1. ችኩሉ ሠራተኛ የመረጣቸው ቁጥሮች ማካፈላቸው ትክክል ሆኖ ሳለ መዘውሮቹ ያልገጠሙት ለምንድን ነው? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።
2. 20 እና 60፣ 16 እና 64 ጥርስ ያላቸው ሁለት ጥንዶች ቢሠሩ ይገጥማሉን? ለእያንዳንዱ ጥርስ ከዲያሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ቢሰጥ በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ይሆናል?
3. ስለ አቆራረጡ ከሚናገረው አንቀጽ ውስጥ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚያመለክቱትን ቃላትና ሐረጎች አውጥታችሁ ጻፉ።
4. በምንባቡ ውስጥ ከጣሊያንኛ ከመጡት የመሣሪያ ስሞች ሦስቱን መርጣችሁ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
5. በሠፈራችሁ ካሉት ባለሙያዎች አንዱን ጠይቃችሁ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።